የስሙ ጥያቄ የት ይጠየቃል? ከጋይንት እስከ እስቴ፣ ከፕሮክሲ ጀርባ ያሉ ኮምፒዩተሮች

ከነፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ፣ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለ ባለጉዳይ በየቢሮው ደጃፍ የለመደው አንድ መልስ አለ፦ «ሲስተም የለም»። መልሱ አጭር ነው፤ ከጀርባው ያለው ምክንያት ግን ብዙ ነው። መብራት ጠፍቶ ይሆናል። መስመር ተቆርጦ ይሆናል። በፀጥታው ችግር የተነሳ ኔትወርኩ ተዘግቶ ይሆናል። ከነዚህ ሌላ ብዙም የማይነገርለት አራተኛ ምክንያት አለ፦ መብራቱም መስመሩም ደህና ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ የሚፈለገውን ዌብሳይት ስም ወደ ቁጥር አድራሻ መለወጥ ሲያቅተው። ከአራቱ ይህኛውን ብቻ መርጬ የምጽፈው፣ ሌሎቹ ከወረዳው አቅም በላይ ሲሆኑ እሱ ግን በወረዳው የአይሲቲ ባለሙያ እጅ፣ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊፈታ ስለሚችል ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያሳስበው የወረዳው ሰው ኑሮ ከዌብሳይት ጋር እየተቆራኘ ስለመጣ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ካጸደቀ ወዲህ አገልግሎቶች አንድ በአንድ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገሩ ቆይተዋል። የፋይዳ መታወቂያ መጣ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኦንላይን ተሰጠ፤ ውጤቱም በዌብሳይት ይታያል። በስማዳ ቆላ፣ ወደ አባይና ወደ በሽሎ በሚያዘቀዝቀው አገር የሚኖር አባት የልጁን ውጤት የሚሰማው ወገዳ ላይ አንድ ኮምፒዩተር አንድን ስም በትክክል ማግኘት ከቻለ ነው። ያ ኮምፒዩተር ያለው በትምህርት ቤት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አይወጣም። በመካከል ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ፣ ፕሮክሲ የሚባል ሰርቨር አለ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው፤ ስም የሚያስፈልገው ለሰው ነው። በኢንተርኔት መባቻ የኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተጽፎ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይገለብጣል። ኮምፒዩተሮቹ በዝተው ፋይሉ አልበቃ ሲል ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዛሬ ዲኤንኤስ የምንለውን ሥርዓት ነደፈ። በዚህ ሥርዓት ማንም ሁሉን አያውቅም፤ እያንዳንዱ ከበታቹ ያለውን ያውቃል። «ነጥብ ኢቲ» ብሎ የሚያልቅ ስም ሲጠየቅ ከላይ ያለው ሰርቨር ወደ ኢትዮጵያው ይመራል፣ የኢትዮጵያው ደግሞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመራል። «ነጥብ ኢቲ» ለአገራችን የተሰጠው በጥቅምት 1988 ዓ.ም. ነው። የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው ግን በጥር 1989 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ስማችን ከመስመራችን ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ተመዝግቧል። ዛሬም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ፕሮክሲ ሲገባ ይህ የመጠየቅ ሥራ ባለቤቱን ይለውጣል። ብዙ ችግር የሚነሳው ይህ ለውጥ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ለሚሄድ ሰው ዕቃ ስናስመጣ የሱቁን ስም እንነግረዋለን እንጂ መንገዱን አንነግረውም፤ ሱቁ የት እንደሆነ ጠይቆ የሚያገኘው እዚያ ሲደርስ እሱ ራሱ ነው። በፕሮክሲም ልክ እንዲሁ ነው። ብራውዘሩ ፕሮክሲ እንዲጠቀም ከታዘዘ የዌብሳይቱን ስም እንዳለ ለፕሮክሲው ያስረክባል፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ፕሮክሲው ነው። ተጠቃሚው የተቀመጠበት ኮምፒዩተር ከፕሮክሲው አድራሻ በቀር ሌላ ማወቅ አይጠበቅበትም። ይህ በአጋጣሚ የመጣ ባሕርይ አይደለም። አሪ ሉኦቶነንና ኬቪን አልቲስ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ዌብ ፕሮክሲ በጻፉት ጽሑፍ፣ ዲኤንኤስ የሌለው ኮምፒዩተር እንኳ ዌብን መጠቀም መቻሉን ከፕሮክሲ ጥቅሞች አንዱ አድርገው አስቀምጠውታል።

ችግሩ ኮምፒዩተር ብራውዘር ብቻ አለመሆኑ ነው። ፕሮክሲ የሚያውቅ ፕሮግራም አለ፤ የማያውቅም አለ። የማያውቀው እንደ ልማዱ ስሙን ራሱ ለመፍታት ወደ ዲኤንኤስ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰርቨር ከሌለ፣ ወይም ጥያቄው የሚወጣበት በር 53 ከተዘጋ፣ መልስ አይመጣም። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አንዱ ፕሮግራም ሲሠራ ሌላው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚሁ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ያየሁትን ላቅርብ። ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ነው። ከታች በቀኝ በኩል «ኢንተርኔት የለም» የሚለው ምልክት ይታያል፤ ሠራተኛዋም ምልክቱን አምና ባለጉዳይ መልሳለች። ብራውዘሩን ስንከፍተው ግን ገጹ መጣ። ዊንዶውስ ኢንተርኔት መኖሩን የሚያጣራው የማይክሮሶፍትን የተወሰኑ ስሞች ራሱ ጠይቆ ነው፤ ስሙ ካልተፈታለት «የለም» ይላል። ብራውዘሩ ጥያቄውን ለፕሮክሲው ስለሚያስረክብ ይሠራል። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት ተናግረዋል፤ የተጎዳው ሰልፍ ይዞ የነበረው ሰው ነው።

እዚያው ሌላም ነገር ነበር። አንድ የመንግሥት ዌብሳይት አልከፈት ሲል ከዚያ በፊት የመጣ ባለሙያ የዌብሳይቱን ቁጥር በዊንዶውስ ውስጥ ባለው «ሆስትስ» በሚባለው ፋይል በእጁ ጽፎ ሄዷል። ይህ በየወረዳው የተለመደ ዘዴ ነው። ከፕሮክሲ ጀርባ ግን ለብራውዘሩ ምንም አይፈይድም፤ ብራውዘሩ ስሙን ከዚህ ኮምፒዩተር ላይ ስለማይጠይቅ ፋይሉን ዞሮም አያየውም። ፕሮክሲ የማያውቁት ፕሮግራሞች ግን ያዩታል። መሥሪያ ቤቱ ሰርቨሩን ወደ ሌላ ቁጥር ያዛወረ ቀን እነዚያ ፕሮግራሞች ወደ አሮጌው አድራሻ መሄዳቸውን ይቀጥላሉ፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ሰው በዚያን ጊዜ ተዛውሯል። በእጅ የተጻፈ ቁጥር የዛሬን ባለጉዳይ አሳልፎ የነገውን የሚያስቀር ጥገና ነው። ይህን የምለው ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ስሙ የት እንደሚፈታ የነገራቸው ስለሌለ በእጃቸው ያለውን ተጠቅመዋል።

ሰዓቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የቆየ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል። ጤነኛ መስመር ላይ ቢሆን ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያስተካክላል። የሰዓት ሰርቨሩን ለማግኘት ግን ስሙን ራሱ መፍታት አለበት፤ ስሙ ቢፈታለት እንኳ የሰዓት ጥያቄ በዌብ ፕሮክሲ አያልፍም። ሰዓቱ እንደተሳሳተ ይቀራል፤ የዌብሳይቱ የደኅንነት ሰርተፊኬት «ቀኑ ገና አልደረሰም» ይባላል፤ ብራውዘሩም «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ያስፈራራል። ተማሪው ዌብሳይቱ ቫይረስ እንዳለበት ያስባል። ጥፋቱ የባትሪና የስም ነው። መፍትሔው በግቢው ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ሰዓትም ስምም መስጠት ነው።

ፕሮክሲ ሸክም ብቻ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ሳተላይት ልሻገር። ወረዳኔት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወረዳ መስተዳድሮችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት ሲዘረጋ፣ ከዋና ከተሞች የራቁት ወረዳዎች በአብዛኛው የተገናኙት በሳተላይት ዲሽ ነው። በዚያው ዘመን የተማረ ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚያስታውሰው የፕላዝማ ትምህርትም በሳተላይት ይመጣ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ጥያቄ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ እስኪወርድ ብርሃን ራሱ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ዘመናዊ ገጽ የሚጠራቸው ስሞች በርካታ ናቸው፤ ምስሉ ከአንድ፣ ፊደሉ ከሌላ፣ የመግቢያ ቅጹ ከሦስተኛ ሰርቨር ይመጣል። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ስም በሳተላይት ማዶ ካለ ሰርቨር ራሱ ቢጠይቅ፣ አንድም ፊደል ሳይታይ በርካታ ሰከንዶች ያልፋሉ። ፕሮክሲው ሳተላይቱን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሆኖ ስሞቹን እዚያው ቢፈታ ግን ያ ጊዜ ይቆጠባል። ለቀጭንና ለሩቅ መስመር ፕሮክሲው ስሙን መፍታቱ ትልቅ ውለታ ነው።

ይኸው ውለታ ወደ ጉዳት የሚለወጠው መስመሩ ሲቆረጥ ነው። የጽሑፌ ዋና ነጥብ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ።

በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ለተቆረጠ መስመር ዲኤንኤስም ፕሮክሲም መድኃኒት አይሆኑም። ነገር ግን ኢንተርኔት ሲጠፋ ግቢው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ አብሮ መጥፋት የለበትም። አንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ መጻሕፍትን፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን፣ ኪዊክስ በተባለ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን ዊኪፒዲያ በአንድ ሰርቨር ላይ ጭኖ በላብራቶሪው ኬብል ማዳረስ ይችላል። ሰርቨሩ ያለው በቀጣዩ ክፍል ነው። ተማሪው የሰርቨሩን ስም ይጽፋል፤ ብራውዘሩም እንደታዘዘው ስሙን ለፕሮክሲው ሊያስረክብ ይነሳል። ፕሮክሲው ግን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ነው፣ መስመሩም ተቆርጧል። በግድግዳ ማዶ ያለው ሰርቨር ስሙ በሩቅ ከተማ ካልተጠየቀ የማይገኝ ሆኖ አረፈው። መስመሩ ጤነኛ በሆነበት ቀን እንኳ ሩቅ ያለው ፕሮክሲ የዚህን ትምህርት ቤት የውስጥ ስም ስለማያውቅ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ይመልሳል።

መብራት ኖሮ፣ ኮምፒዩተር ኖሮ፣ መጽሐፉም በግቢው ተቀምጦ፣ በአንድ ያልተሞላ ቅጽ ምክንያት ልጆች ባዶ ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት አሠራር ሊያስቆጨን ይገባል። ቅጹ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የፕሮክሲ ማስተካከያ ውስጥ አለ፤ ለየትኞቹ አድራሻዎች ፕሮክሲ እንደማያስፈልግ የሚጻፍበት መስመር ነው። የውስጥ ስሞች እዚያ ከተጻፉ ብራውዘሩ እነሱን ለፕሮክሲው ከማስረከብ ይልቅ ራሱ ይጠይቃል። ሲጠይቅ ደግሞ የሚመልስለት ሰርቨር በግቢው ውስጥ መኖር አለበት። ዲኤንኤስማስክ ወይም አንባውንድ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ሥራ በፈታ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራሉ። በየቦታው የሚታየው የማይክሮቲክ ራውተርም ይህን ሥራ ይችላል። የውስጥ ስሞቹን በቃሉ ይዞ ይመልሳል፤ የውጭዎቹን አንዴ ጠይቆ መልሱን ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጣል፤ አንባውንድ ከታዘዘ መስመሩ ለአጭር ጊዜ ሲቋረጥ ጊዜው ያለፈበትን መልስም ይሰጣል። ለውስጥ ስሞች ደግሞ ከራስ ፈጥሮ ያልተመዘገበ መጨረሻ ከመለጠፍ፣ ዓለም አቀፉ የስሞች አስተዳዳሪ አይካን እ.ኤ.አ. በ2024 ለዚሁ የለየውን «ነጥብ ኢንተርናል» መጠቀም ከወደፊት ግጭት ያድናል።

አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቹ መቼ ፕሮክሲ እንደሚጠቀሙ በትንሽ የፕሮግራም ፋይል ያዟቸዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ተስተካክሎ ሁሉም ያነበዋል። ይሁንና ፋይሉ «ስሙን ፈትተህ ቁጥሩን እይና ወስን» የሚል ትእዛዝ ከያዘ፣ ፕሮክሲው ያስቀረውን የስም ጥያቄ በጓሮ በር ያስገባዋል። መልስ የሚሰጥ ሰርቨር በሌለበት ግቢ ኮምፒዩተሩ ገጽ በተከፈተ ቁጥር መልስ ይጠብቃል። ሊኑክስ በተለመደው አሠራሩ ለአንድ ጥያቄ 5 ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ይሞክራል። ተጠቃሚው የሚያየው መንቀራፈፍ ነው፤ ጥፋተኛ የሚደረገውም መስመሩ ነው። የመስመር ፍጥነት ይጨመርልን የሚል ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ይህን ፋይል አንድ ጊዜ ከፍቶ ማንበብ ይገባል።

ስሙን የሚፈታው ማን እንደሆነ መታወቅ ያለበት ለፍጥነት ብቻ አይደለም። የስም ጥያቄ የሚደርሰው አካል ሰው ምን እንደሚያነብ ያያል። በአገራችን ይህ የቆየ ጉዳይ ነው። ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብሎጎች ሲዘጉ፣ ብዙ አንባቢዎች ፕሮክሲ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቁት መዝጊያውን የሚያልፉበት መንገድ ሲፈልጉ ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ዌብሳይቶችን መክፈቱን አስታወቀ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ሲዘጉ ሕዝቡ ወደ ቪፒኤን ጎረፈ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ብዙዎች ያላስተዋሉት ነገር ነበር፦ የገጹ ይዘት በሌላ መንገድ እየሄደ የስሙ ጥያቄ ግን በቀድሞው መንገድ፣ ባልተመሰጠረ ጽሑፍ መውጣቱን ሊቀጥል ይችላል። በሶክስ ዓይነት ፕሮክሲ ለምሳሌ ስሙ እዚህ ይፈታ ወይስ እዚያ ማዶ የሚለው የአንድ ምልክት ጉዳይ ነው፤ ፋየርፎክስ ውስጥ ለዚሁ የተለየ ሳጥን አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አዲሱ አሠራር የስም ጥያቄውን ራሱን በተመሰጠረ የዌብ ግንኙነት ውስጥ ያስገባዋል፤ በፕሮክሲም ሊያልፍ ይችላል።

በመሥሪያ ቤት ፕሮክሲ ላይ ግን ሁሉም ስም በአንድ እጅ ይገባል። ምስጠራው ይዘቱን ይሸፍናል፤ የትኛው ኮምፒዩተር የትኛውን ስም በስንት ሰዓት እንደጠራ ፕሮክሲው መዝግቦ ማስቀመጥ ይችላል። አንዲት ነርስ ስለ አንድ በሽታ የፈለገችበት ዌብሳይት፣ አንድ መምህር የተመለከተው የሥራ ማስታወቂያ እዚያ መዝገብ ላይ ይገኛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ መዝገብ እንደ ተራ የቴክኒክ ፋይል ሊታይ አይገባም። ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚሰረዝ በጽሑፍ መወሰን አለበት። በየወረዳው ያሉ ኃላፊዎች ይህን ጥያቄ ለክልልና ለፌዴራል አቅራቢዎቻቸው ማቅረብ መብታቸውም ግዴታቸውም ነው።

ከላይ ያሉት አገልግሎት ሰጪዎችም ድርሻ አላቸው። አንድ አገልግሎት ዝግጁ ነው የሚባለው አዲስ አበባ ባለ ፈጣን መስመር ሲከፈት ከሆነ፣ የወገዳው ተጠቃሚ ገና ከጅምሩ ከሙከራው ውጭ ሆኗል። አዲስ የፈተና ወይም የምዝገባ ሲስተም ሲወጣ ከፕሮክሲ ጀርባ ባለ፣ ስም ራሱ መፍታት በማይችል ኮምፒዩተር ላይ መሞከር አለበት። ሲስተሙ የሚጠራቸው ስሞች ዝርዝር ከመመሪያው ጋር ቢላክ፣ ባለሙያው የትኛው ስም እንደታገደ በግምት ከመፈለግ ይድናል። ሰርቨር ሲዛወር አስቀድሞ ማስታወቅም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላሉበት ዞን የሚቀርበው መፍትሔ ከደብረ ታቦር ሊመጣ ይችላል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎችን የሚያሠለጥነው በዚሁ ዞን ዋና ከተማ ነው። ሰላሙ በፈቀደበት ጊዜና መንገዱ በተከፈተበት ሁሉ፣ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ የስም ሰርቨር አቁመው፣ ፕሮክሲ የማያስፈልጋቸውን አድራሻዎች ሞልተው፣ በ«ሆስትስ» ፋይል የተረሱትን ቁጥሮች አጥፍተው፣ የሠሩትንም በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፈው በላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ለአካባቢው የሚጠቅም ሥራ ነው። ገጹ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ ባለሙያ ሲዛወር እውቀቱ አብሮት የሚሄድበት ልማድ ብዙ አስከፍሎናል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላላችሁ የአይሲቲ ባለሙያዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ከሚቀጥለው ብሔራዊ ፈተና በፊት የውጪውን መስመር ከራውተሩ ላይ ንቀሉና የግቢያችሁን ሰርቨር በስሙ ጥሩት። ካልመጣ ስሙ የሚፈታው ከግቢያችሁ ውጭ ነው ማለት ነው፤ ፈተናው ሳይደርስ አስተካክሉት።